እንጉዳይ የሚመስሉት የውሃ ማማዎች

እህቶቼ፣ ከሚሽሪፍ በመኪና ወጣ ስትሉ እንጉዳይ የሚመስሉ፣ ሰማያዊና ነጭ መስመር ያላቸው ማማዎች አይታችኋል አይደል? ለጌጥ እንዳይመስላችሁ፤ ትልልቅ ሮቶዎች ናቸው።

ኩዌት ወንዝ የላትም። ድሮ የሚጠጣ ውሃ ከሻት አል አረብ ወንዝ በጀልባ ይመጣ ነበር። ተሸካሚዎች ደግሞ በየቤቱ እያዞሩ ይሸጡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 የባሕር ውሃ ማጣራት ተጀመረ። ልክ እንደ አረቄ አወጣጥ ነው፤ ውሃው ይፈላል፣ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ጨው የሌለው ውሃ ይወጣል።

ያ ውሃ ማከማቻ ስላስፈለገው ስዊድናዊው ሱኔ ሊንድስትሮም እነዚህን 31 ማማዎች በአምስት ቦታ እንዲቆሙ ነደፈ። እያንዳንዱ 3,000 ሜትር ኩብ ይይዛል። ውሃው ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ በራሱ ክብደት ወደ ቤቶች ይወርዳል።

ለስድስተኛው ቦታ ግን አሚሩ ለየት ያለ ነገር ስለፈለጉ፣ በማሌኔ ቢዮርን ንድፍ ባሕር ዳር ያሉት ሦስቱ የኩዌት ታወሮች ተሠሩ። በ1980 የአጋ ካን ሽልማት ሲሰጥ ታወሮቹም እንጉዳዮቹም አብረው ተሸለሙ። ፎቶ የምንነሳው ግን ታወሮቹ ጋ ብቻ ነው። አብዛኛውን ውሃ ተሸክመው የቆሙትን ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም።

እኛ ውሃ በጀሪካን አዝለን ያደግን ልጆች፣ የተሸካሚን ድካም እናውቃለን። እስቲ በእረፍታችሁ ቀን እነሱም ጋ ፎቶ ተነሱ፤ ለቤተሰብ ስትልኩም ታሪኩን ንገሯቸው።