ኒሞሲስቲስና ኮትሪሞክሳዞል፦ የመድኃኒት መላመድ ታሪክ

ኒሞሲስቲስ ዪሮቬቺ የሚባለው የሳንባ ምች አምጪ ተህዋስ ማንነቱ እስኪታወቅ ድረስ ተመራማሪዎችን ለረጅም ጊዜ አሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1909 ብራዚላዊው ሐኪም ካርሎስ ሻጋስ ቢያየውም የትሪፓኖሶማ አንዱ የዕድገት ደረጃ መስሎት ነበር። በ1912 በፓሪስ ዴላኖዌ የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ራሱን የቻለ ተህዋስ መሆኑን አሳዩ። ከዚያም ለብዙ ዓመታት ከፕሮቶዞዋ ወገን ሲቆጠር ቆይቶ በ1988 በዘረመል ምርመራ ፈንገስ መሆኑ ታወቀ። ይሁንና እንደ ሌሎቹ ፈንገሶች ኤርጎስቴሮል ስለሌለው እንደ ፍሉኮናዞል ያሉት ፀረ ፈንገስ መድኃኒቶች አይበግሩትም።

በዚህም ምክንያት ሕክምናው በአመዛኙ በኮትሪሞክሳዞል ላይ የተመሠረተ ሆነ። በ1977 ዋልተር ሂዩዝና ባልደረቦቹ መድኃኒቱ የካንሰር ሕሙማን ሕፃናትን ከዚህ በሽታ እንደሚጠብቅ አረጋገጡ። በ1981 በሎስ አንጀለስ በአምስት ወጣቶች ላይ የታየው ይኸው የሳንባ ምች የኤድስ ወረርሽኝ የመጀመሪያ ምልክት በሆነ ጊዜ የመድኃኒቱ አገልግሎት እጅግ ሰፋ።

ፈንገሱ ፎሌትን የሚሠራው ራሱ ነው፤ በኮትሪሞክሳዞል ውስጥ ያለው ሰልፋሜቶክሳዞልም ለዚሁ ሥራ የሚያስፈልገውን ዳይሃይድሮፕቴሮኤት ሲንቴዝ የተባለ ኢንዛይም ያግዳል። በ1997 ይህን ኢንዛይም በሚሠራው ጂን ላይ፣ በ55ኛውና በ57ኛው ኮዶን፣ ሚውቴሽን መኖሩ ተገለጸ። ለውጡ ሰልፋ ለመከላከያነት በወሰዱ ሕሙማን ላይ በብዛት ታየ። መድኃኒቱን ወስደው በማያውቁትም ላይ መገኘቱ ተህዋሱ ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ አመለከተ።

ፈንገሱን በቤተ ሙከራ እንደ ልብ ማብቀል ስለማይቻል መድኃኒቱ በእርሱ ላይ የሚኖረውን ኃይል እንደ ባክቴሪያ በቀጥታ መለካት አልተቻለም። ስለሆነም ፍርዱ በሕሙማኑ ውጤት ላይ ወደቀ፤ እርሱም አንድ ዓይነት አልነበረም። በ1999 በዴንማርክ የተደረገ ጥናት ሚውቴሽኑ ያለባቸው ሕሙማን ይበልጥ እንደሚሞቱ አሳየ። በ2001 የታተመው የአሜሪካ ጥናት ግን እንዲህ ያለ ልዩነት አላገኘም፤ ሚውቴሽኑ ያለባቸው አብዛኞቹ ሕሙማን በኮትሪሞክሳዞል ድነዋል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት የሚውቴሽን መገኘትና የሕክምና አለመሳካት አንድ አለመሆናቸው ነው። በሽተኛው ሳይሻለው ሲቀር መድኃኒቱን ተላምዷል ከማለት አስቀድሞ የመድኃኒቱ መጠን፣ በአግባቡ መወሰዱና እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያለ ተደራቢ በሽታ መኖር አለመኖሩ ሊመረመር ይገባል። ርካሽና ውጤታማ የሆነውን ኮትሪሞክሳዞል ያለ በቂ ምክንያት መተው ሕይወት ያስከፍላል።