ልጅ የሚላክበት ሱቅ

እህቴ በቴሌግራም የልጆች ልብስ ትሸጣለች። በቅርቡ ቡና እየጠጣን ስልኳን አቀበለችኝና «እስኪ ተመልከተው» አለችኝ። የአንዲት ሮዝ ቀሚስ ፎቶ ነው። ከሥሩ «ለዋጋ በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይላል። በውስጥ መስመር የገባው ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉም የጻፈው ግን አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ነው?» ትመልስላቸዋለች። ከዚያ በኋላ ዝም።

«ዕቃዬን ወደውታል። ዋጋዬም ከሱቅ አይበልጥም። ታዲያ ምንድን ነው የሚያባርራቸው?» አለችኝ።

ይህ ጥያቄ የእሷ ብቻ አይደለም፤ በትንሽ ካፒታል ሥራ የጀመረ ሁሉ የሚጠይቀው ነው። መልሱን ለመፈለግ ወደ ኋላ ሦስት መቶ ሰባ ዓመት ገደማ መሄድ ይጠቅማል።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንግሊዝ አገር የአብዛኛው ዕቃ ዋጋ የሚወሰነው በክርክር ነበር። ሻጩ ከፍ አድርጎ ይጠራል፣ ገዢው ዝቅ አድርጎ ይሰጣል፣ መሐል ላይ ይገናኛሉ። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህንን ማስረዳት አያስፈልገውም። በዚያ ዘመን ኩዌከር የሚባሉ ክርስቲያኖች ተነሡ። መሪያቸው ጆርጅ ፎክስ በልጅነቱ ለጫማ ሠሪ ተቀጥሮ ሙያ የተማረ ሰው ነበር። እሱና ተከታዮቹ ክርክሩን አልወደዱትም። በ20 እንደምትሸጠው እያወቅህ 40 ብለህ ከጠራህ ዋሽተሃል አሉ። ስለዚህ አንድ ዋጋ ይናገራሉ፤ ከዚያ ወዲያ አይወርዱም፣ አይወጡም።

መጀመሪያ ላይ ገበያው ቀጣቸው። ሰዎቹ በባሕርያቸውም እንግዳ ነበሩ፤ ለማንም ባርኔጣ አያወልቁም፣ ትልቁንም ሰው «አንተ» ነበር የሚሉት። ደንበኛ ሸሻቸው። ፎክስ በማስታወሻው እንደመዘገበው፣ አንዳንዶቹ ለዳቦ የሚሆን ገንዘብ እንኳ አጥተው ነበር። ቆይቶ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ሰዉ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ወደ እነዚህ ሰዎች ሱቅ ልጁን ቢልክ፣ ልጁ ራሱ አባቱ ሄዶ እንደሚስተናገደው ይስተናገዳል። ያኔ ገበያተኛው የኩዌከር ሱቅ የት እንዳለ እየጠየቀ መሄድ ጀመረ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ይህንን የልጁን ነገር ነው። ስለ ደንበኛ ብዙ የተጻፈ አለ፤ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ብለን ግድግዳ ላይም እንለጥፋለን። ነገር ግን ገዢን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው ዋጋው ራሱ አይመስለኝም። የሚያስጨንቀው መሞኘት ነው። ቤቱ ገብቶ ጎረቤቱ ያንኑ ዕቃ በስንት እንደገዛ ሲሰማ የሚሰማው ንዴት ነው። ኩዌከሮቹ ያንን ፍርሃት አነሡለት።

ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ ይኸው ሐሳብ ፓሪስ ውስጥ ትልቅ ንግድ ሠራ። አሪስቲድ ቡሲኮ የባርኔጣ ሠሪ ልጅ ነው። ከተማ ገብቶ በጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተቀጥሮ ሲሠራ ቆየና እ.ኤ.አ. በ1852 «ቦን ማርሼ» በሚባል ሱቅ ሸሪክ ሆነ። በጊዜው በብዙ የፓሪስ ሱቆች ዋጋ አይለጠፍም፤ ከገባህም ሳትገዛ መውጣት ነውር ነበር። ቡሲኮ በየዕቃው ላይ ዋጋ ጻፈ። ገብቶ አይቶ መውጣትን ፈቀደ። ያልተስማማውን ዕቃ መመለስም ቻለ። ከአንድ ዕቃ ጥቂት አትርፎ ብዙ መሸጥን መረጠ። ከእነዚህ አንዳንዱን ከእሱ በፊት የሞከሩ ነጋዴዎች ነበሩ፤ እሱ ግን ሁሉንም አንድ ላይ አድርጎ ጸናበት። ሲጀምር የሱቁ ዓመታዊ ሽያጭ ግማሽ ሚሊዮን ፍራንክ ገደማ ነበር። በ1863 ወደ 7 ሚሊዮን ደረሰ። በ1877 ሲሞት ወደ 70 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር።

ወደ እኛ ልምጣ። ልጅ የሚላክበት ሱቅ እኛም እናውቃለን። ከመካከላችን ሳንቲም ጨብጦ ስኳርና ዘይት ያልተላከ ማን አለ? ባለሱቁ ልጁን አያታልልም፤ ነገ እናትየዋ ትመጣለችና። መርካቶ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ብትከራከርም ዕቃውን በእጅህ ዳብሰህ፣ የሻጩን ፊት አይተህ ነው። ጥለህ ስትሄድ «ና እሺ!» ብሎ ይጠራሃል። ጨዋታም አለው።

«በውስጥ መስመር ያናግሩን» ግን ከሁለቱም ክፉ ክፉውን የወሰደ ይመስለኛል። እንደ መርካቶ ዋጋ ይደብቃል፤ ዕቃውን ግን አያስዳብስም፣ ፊትም አያሳይም። ገዢው የፌስቡክ ፎቶዬን አይቶ ዋጋ ይጨምርብኝ ይሆን ብሎ ይጠረጥራል። ስለዚህ ዋጋውን ይሰማና ዝም ይላል። ዝምታው «ተወደደ» ማለት ላይሆን ይችላል፤ «ለሌላው ስንት እንዳልሽው በምን አውቃለሁ?» ማለትም ሊሆን ይችላል።

የሻጮቹም ምክንያት ቀላል አይደለም። ዋጋ ከለጠፍኩ ጎረቤቴ 50 ብር ቀንሶ ይለጥፋል ይላሉ፤ እውነት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ሰው የዛሬ ዋጋውን ለሳምንት ማቆየት ይከብደዋል፤ ይህም እውነት ነው። ቢሆንም ዋጋ ሲለወጥ ለሁሉም እኩል መለወጥ ይቻላል። ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲያሳይ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ካዘዘም ዓመታት አልፈዋል። ሕጉ ያላስለመደንን ነገር ምናልባት ጥቅማችን ያስለምደን ይሆናል።

ይህንን ሁሉ ለእህቴ ነገርኳት። ስታዳምጠኝ ቆይታ «አንተ ኪራይ አትከፍልም» አለችኝ። ልክ ናት። ቢሆንም ለአንድ ሳምንት ልሞክር ብላ በየፎቶው ሥር ዋጋ ጻፈች።

በሳምንቱ ደወለች። «ጠያቂ ቀነሰብኝ» አለች።

«የጠየቁትስ?»

«እነሱማ የቤታቸውን አድራሻ ነው የላኩልኝ።»

አንድ ሳምንት ምንም አያረጋግጥም፤ ነገ ጎረቤቷ 50 ብር ቀንሶ ሊለጥፍ ይችላል። ኩዌከሮቹም ደንበኛ እስኪመለስላቸው ድረስ ተርበዋል። ያንን ጊዜ የሚያልፉበት አቅም ያላቸው ትንንሽ ነጋዴዎች ስንት ናቸው? እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

እናንተስ፣ ዛሬ ልጃችሁን ያለ ስጋት የምትልኩበት ሱቅ አላችሁ?