ክሊራንስ፦ ኳስን ከግርግር ማውጣት

በአውስትራሊያ ፉትቦል ክሊራንስ የሚባለው፣ ዳኛው ጨዋታውን ሲያስጀምር ወይም ቆሞ የነበረውን ሲያስቀጥል፣ ኳሷን ከተሰበሰበው ተጫዋች መሀል ማውጣት ነው። ለእኔ የአንድ አማካይ ብቃት ከሁሉ በላይ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የካርልተን ክለቡን ፓትሪክ ክሪፕስን እዩት። ቁመተ ረጅሙ አማካይ ተጋጣሚ ወገቡን ይዞት እንኳ እጆቹን ነፃ ያደርግና ኳሷን በቡጢ መትቶ ለጓደኛው ያቀብላል፤ መወርወር ክልክል ነውና። እ.ኤ.አ. በ2024 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የብራውንሎው ሜዳሊያ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወስድ ዳኞች የሰጡት 45 ድምፅ ክብረ ወሰን ሆኗል። ፈጣን አይደለም የሚሉትን አልቀበልም፤ በሁለት ክንድ ርቀት ለሚያልቅ ሥራ ጉልበትና ቀድሞ ማየት ይበልጣሉ።

የክሊራንስን ቁጥር ብቻ ማመን ግን ያሳስታል። በጭፍን ተለግታ ለተጋጣሚ የደረሰች ኳስም ከግርግሩ እስከወጣች ድረስ ክሊራንስ ተብላ ትመዘገባለች።