የግሪክን መርከብ የሚያስቀረው ነፋስና የዓባይ ሙላት

በሐምሌ ወይም በነሐሴ ከአቴንስ ተነስቶ ወደ ሚኮኖስ ደሴት ለመሻገር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የመርከቡን ሰዓትና የቲኬቱን ዋጋ ነው። ከፒሬየስ ወደብ ሚኮኖስ ድረስ በትልቁ የመንገደኞች መርከብ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በዚያ ወቅት ግን የጉዞውን ቀን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ነፋሱ ነው። ግሪኮች መልተሚ ይሉታል። ከሰሜን ተነስቶ ለቀናት ይነፍሳል፣ ያውም ሰማዩ ጥርት ብሎ። እንግዳ ሰው የሚደናገረውም ለዚህ ነው፤ ፀሐይ ወጥታ፣ አንድ ደመና ሳይታይ «ዛሬ መርከብ የለም» ሲባል ማን ያምናል?

የነፋስ ኃይል ቦፎርት በሚባል መለኪያ ይለካል። 8 ቦፎርት ማለት በሰዓት ከ62 ኪሎ ሜትር የማያንስ ፍጥነት ነው። በኤጂያን ባሕር ነፋሱ እዚህ ሲደርስ አብዛኞቹ መርከቦች ከወደብ እንዳይነሱ ይታገዳሉ፤ ፈጣኖቹና ቀለል ያሉት ደግሞ ከዚያም ቀድመው ይቀራሉ። እገዳው ዝም ብሎ አልመጣም። በታኅሣሥ 1966 እ.ኤ.አ. ኢራክሊዮን የተባለች መርከብ ከቀርጤስ ወደ ፒሬየስ ስትጓዝ በማዕበሉ መሀል አንድ የጭነት መኪና ከታሰረበት ተፈታ። መኪናው የመጫኛውን በር መታው፣ በሩ ተከፈተ፣ ባሕሩ ገባ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያ የብርዱ ወቅት ማዕበል እንጂ መልተሚ አልነበረም፤ የመነሻ እገዳው ሥርዓት የያዘው ግን ከዚያ በኋላ ነው።

የጥንት ግሪኮች ይህንኑ የበጋ ነፋስ «ኤቴሲያይ» ይሉት ነበር። «ኤቶስ» ዓመት ማለት ስለሆነ ስሙ «ዓመታዊዎቹ» እንደማለት ነው። በየዓመቱ ጊዜውን ጠብቆ ስለሚመጣ ጉዞም ጦርነትም በእሱ ይታቀድ ነበር። የእስክንድር አባት ፊልጶስ ይህን በደንብ ገብቶት ነበር። ዴሞስቴንስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ351 ገደማ ለአቴናውያን ሲናገር፣ ፊልጶስ የሚዘምተው ዓመታዊዎቹን ነፋሳት ወይም የብርዱን ወቅት ጠብቆ ነው ብሎ አስጠንቅቋል። የአቴንስ መርከቦች ወደ ሰሜን ለመሄድ ነፋሱን ፊት ለፊት መጋፈጥ ነበረባቸው፣ አይችሉም። እነሱ እስኪደርሱ ነገሩ አልቆ ይጠብቃቸዋል።

በባሕሩ መንገድ የዘገየ መርከብ ለአንድ ሰው ዕድሜም ጨምሯል፤ ሰውየው ሶቅራጥስ ነው። አቴናውያን ለአፖሎ በገቡት ስእለት መሠረት በየዓመቱ ወደ ዴሎስ ደሴት መርከብ ይልኩ ነበር። መርከቡ ደርሶ እስኪመለስ ድረስ ከተማዋ ንጹሕ መሆን ስላለባት የሞት ቅጣት አይፈጸምም። በ399 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሶቅራጥስ ለፍርድ ከመቅረቡ በፊት በነበረው ቀን የመርከቡ የኋላ ክፍል በአበባ ጉንጉን ተሸለመ፤ ጉዞው ተጀመረ ማለት ነው። ፕላቶ እንደጻፈው ነፋስ መርከቡን ሲይዘው ይህ ጉዞ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ዜኖፎን ደግሞ ሶቅራጥስ ከፍርዱ በኋላ 30 ቀን እንደቆየ ይነግረናል። ስለ ነፍስ፣ ስለ ሕግ፣ ከእስር ቤት ስለማምለጥ ከወዳጆቹ ጋር እንደተነጋገረ የምናነበው በእነዚህ ቀናት ነው። ከዚያ መርከቡ ሱንዮን በሚባለው ርእሰ ምድር መታየቱን መንገደኞች ይዘው መጡ። አለቀ።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። ይህ ነፋስ የሚበረታው ዓባይ በሚሞላበት ወቅት ነው። ስለዚህ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረው ታሌስ፣ ከእሱ በኋላ የመጡ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ ወንዙን የሚያስሞላው ነፋሱ ነው ብሎ ገመተ። ነፋሱ የወንዙን አፍ እየገፋ ውኃው ወደ ባሕር እንዳይገባ ያግደዋል፣ ወንዙም ወደ ኋላ ይሞላል። ሄሮዶቱስ ይህን ሐሳብ ያፈረሰበት መንገድ ዛሬም ለተማሪ የሚሰጥ ዓይነት ነው። አንደኛ፣ ነፋሱ የማይነፍስበት ዓመት አለ፣ ዓባይ ግን ይሞላል። ሁለተኛ፣ ወደዚያው ነፋስ የሚፈስሱ የሶርያና የሊቢያ ወንዞች አሉ፣ እነሱ ግን አይሞሉም። ጥሩ ብሏል። የሚገርመው እሱ ራሱ የሰጠው መልስም ስሕተት መሆኑ ነው፤ ፀሐይ በማዕበል ከመንገዷ ተገፍታ የወንዙን ውኃ ትመጥጣለች አለ።

ለእውነቱ በጣም የቀረበው ዲሞክሪቶስ ይመስለኛል። በእሱ አባባል ዓመታዊዎቹ ነፋሳት ደመናውን እየነዱ በኢትዮጵያ አካባቢ ካሉት ታላላቅ ተራሮች ጋር ያላትሙታል፣ ዝናቡም ይወርዳል። (ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ዛሬ ካለው ድንበር የሰፋ አገር ነበር የሚያስቡት።) ተራራውንና ዝናቡን አግኝቷል፣ የደመናውን መነሻ ግን ስቷል። የክረምታችን እርጥበት ከግሪክ ሰማይ አይመጣም። የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ሲወጣ ከአትላንቲክና ከኮንጎ ተፋሰስ፣ ከሕንድ ውቅያኖስም ጭምር ይነሳል። አስዋን ከሚደርሰው የዓባይ ውኃ 85 በመቶ ያህሉ ከእኛ ከፍተኛ ቦታዎች የሚፈሰው በዚህ ዝናብ ነው። መልተሚ ደግሞ በባልካን ላይ በሚቆም ከፍተኛ የአየር ግፊትና በቱርክ ላይ ባለ ዝቅተኛ ግፊት መካከል የሚሮጥ አየር ነው። የቱርኩ ዝቅተኛ ግፊት ከሕንድ ሞንሱን ጋር የተያያዘ ነው። እንግዲህ ሁለቱም የአንድ ወቅት ልጆች ናቸው፣ በአንድ ጊዜ ይመጣሉ፣ አንዱ ግን ሌላውን አያመጣውም። ታሌስ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ዴሎስን ማየት የሚፈልግ ሰው ዛሬም በመርከብ ነው የሚሄደው። ከሚኮኖስ በትንሽ ጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ደሴቱ ላይ ማደር ስለማይፈቀድ በዚያው ቀን ትመለሳላችሁ። መልተሚ ሲበረታ ጀልባውም ይቀራል። ስለዚህ ዴሎስን ለመጨረሻው ቀን አታስቀሩ፤ ወደ ፒሬየስ የሚመልሳችሁን መርከብም ከአውሮፕላናችሁ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን አስቀድማችሁ ቁረጡ።