በኪሱጉ ኢንተርኔቱ ፈጥኗል፤ ጥቅሙስ?

ኪሱጉ በኡጋንዳ መዲና ካምፓላ፣ በማኪንድዬ ክፍለ ከተማ የምትገኝ ሰፈር ናት። በአንድ ወገን ባለጸጎች የሚኖሩበት የሙዬንጋ ኮረብታ፣ በሌላው ደግሞ በባቡር ሐዲድ ዳር የተጨናነቀው የናሙዎንጎ መንደር ይጎራበቷታል። በአቅራቢያዋ ባለው ካባላጋላ በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ይኖራሉ። ከዘመድ ጋር መነጋገሩም ሆነ ገንዘብ መላላኩ በስልክ በሚከናወንበት በዚህ አካባቢ፣ የኢንተርኔት ዋጋና አስተማማኝነት የዕለት ኑሮ ጉዳይ ነው።

ኡጋንዳ የባሕር በር ስለሌላት እስከ እአአ 2009 ድረስ ከዓለም ጋር የምትገናኘው በአብዛኛው ውድ በሆነው ሳተላይት ነበር። በዚያ ዓመት ሐምሌ 'ሲኮም' የተሰኘው የባሕር ሥር ኬብል የኬንያዋ ሞምባሳ ደርሶ አገልግሎት ሲጀምር መንገዱ ተከፈተ። መንግሥትም በቻይናው ኤግዚም ባንክ ብድርና በሁዋዌ ተቋራጭነት ብሔራዊ የፋይበር መስመር ዘርግቷል። ፕሮጀክቱ በወጪውና በኬብሉ ዓይነት የተነሳ የፓርላማ ምርመራ አስከትሎ ነበር። ያም ሆኖ ትርፍ አልባ አልነበረም፤ መሥሪያ ቤቶች በሰከንድ አንድ ሜጋቢት ለሚያስተላልፍ መስመር በወር የሚከፍሉት ከ300 ዶላር ደረጃ በደረጃ ወደ 70 ዶላር ወርዷል።

ፍጥነት ሥራ ይፈጥራል ወይ ለሚለው ጥያቄ ጠንካራው ማስረጃ ዮናስ ዮርት እና ዮናስ ፖልሰን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2019 ያሳተሙት ጥናት ነው። በ12 የአፍሪካ አገራት የባሕር ሥር ኬብሎች መድረስ የሥራ ስምሪትን እንዳሳደገ አሳይቷል። በኢትዮጵያ ፋብሪካዎች ምርታማነት ላይም በጎ ውጤት ማግኘቱን ጠቅሷል።

ችግሩ ኬብሉ ከደረሰ በኋላ የሚሆነው ነው። በ2018 አጋማሽ ኡጋንዳ በማኅበራዊ ሚዲያ ተጠቃሚዎች ላይ በቀን 200 ሽልንግ ግብር ጣለች። ብዙዎች በቪፒኤን ሸሹት፤ የኢንተርኔት ደንበኞችም ቁጥር ቀነሰ። በ2021 ግብሩ ተነስቶ በኢንተርኔት ዳታ ላይ 12 በመቶ ተተካ። በቀን ሠርቶ በቀን ለሚበላ ሰው ልዩነቱ የስም ብቻ ይመስላል።

ኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ የሚያስቆርጠው የመንግሥት ሥርዓት 'ኢፍሪስ'ም ጥቅሙ ለማን እንደሆነ አከራክሯል። ለግብር ሰብሳቢው ሽያጭን በግልጽ ያሳያል፤ ለነጋዴው ግን ተጨማሪ ሥራና የቅጣት ስጋት ነው። በሚያዝያ 2024 የካምፓላ ነጋዴዎች ሱቆቻቸውን ዘግተው ተቃውመውታል።

ከሁሉ የከፋው መቋረጡ ነው። በየካቲት 2016 ምርጫ ዕለት ከማኅበራዊ ሚዲያ ጋር የሞባይል ገንዘብ ዝውውር ጭምር ታገደ፤ ያን ዕለት ስልኩን እንደ ባንክ የሚጠቀም ሁሉ ገንዘቡ ተቆልፎበት ዋለ። በጥር 2021 ደግሞ በምርጫው ዋዜማ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለአምስት ቀናት ያህል ተዘጋ። የኢትዮጵያ አንባቢም ይህን ያውቀዋል፤ በአማራ ክልል ከ2023ቱ ግጭት በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በኡጋንዳ መስመሩ ሲመለስ እንኳ ፌስቡክ ለዓመታት እንደታገደ ቆይቷል።