ከጂንጃ ግድብ እስከ ካምፓላ ግድግዳ፦ የሶኬት ሳጥን ታሪክና ስሌት

የአንድ ከተማ የኤሌክትሪክ ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የግድቡ ትልቅነትና የምረቃው ቀን ነው። ይሁን እንጂ ኃይሉ ጉዞውን የሚፈጽመው በግድግዳ ውስጥ በተቀበረች አንዲት ትንሽ ሳጥን ነው፤ የቤት ቃጠሎም አንዳንድ ጊዜ የሚነሣው ከዚያችው ሳጥን ነው። በዚህ ጽሑፍ የዩጋንዳን ዋና ከተማ ካምፓላን ምሳሌ አድርገን፣ ይህች ሳጥን እንዴት እንደ መጣችና ምን ያህል ሽቦ ልትይዝ እንደሚገባት እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዩጋንዳ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ሳለች፣ ቻርልስ ዌስትሌክ የተባለ መሐንዲስ የአገሪቱን የኤሌክትሪክ ኃይል ጉዳይ አጠና። በ1948 የዩጋንዳ ኤሌክትሪክ ቦርድ ሲቋቋም የመጀመሪያው ሊቀ መንበር እርሱ ሆነ። ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣበት፣ ከካምፓላ በስተምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጂንጃ ከተማ፣ የኦወን ፏፏቴ ግድብ ተሠራ። ግድቡን በኤፕሪል 29 ቀን 1954 ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ መርቀው ከፈቱት። የታቀዱለት አሥር ተርባይኖች በድምሩ 150 ሺህ ኪሎዋት የሚያመነጩ ነበሩ። ዛሬ ግድቡ ናሉባሌ ተብሎ ይጠራል።

ከእንግሊዝ የመጣው ግን የግድብ ሥራ ብቻ አልነበረም፤ የቤት ሽቦ አዘረጋጉም አብሮ መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት መዳብ በእንግሊዝ አገር እጥረት ስለ ነበረበት፣ መሐንዲሶቹ በትንሽ መዳብ ብዙ ሶኬት የሚያገናኙበትን ዘዴ ፈለጉ። ያገኙትም የቀለበት ዘዴ ነው። ሽቦው ከማከፋፈያው ተነሥቶ ሶኬቶቹን በየተራ እየነካ ወደዚያው ማከፋፈያ ይመለሳል። ኃይሉ ለእያንዳንዱ ሶኬት ከሁለት አቅጣጫ ስለሚደርስ ቀጠን ያለ ሽቦ ይበቃል። በ1947 ደግሞ ፊውዙ በውስጡ ያለበት፣ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የ13 አምፔር መሰኪያ ደንብ ወጣለት። ዛሬም በካምፓላ ቤቶች የሚታየው ይኸው መሰኪያ ነው፤ ቮልቴጁም 240 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። የቀለበት ዘዴ መዳብ ቢቆጥብም በሳጥኗ ላይ ሸክም ጨምሯል። በእያንዳንዷ ሳጥን አንድ ገመድ ይገባል፣ አንድ ይወጣል። እያንዳንዱ ገመድ ፌዝ፣ ኒውትራልና የመሬት ሽቦ ስላለው በጠቅላላው ስድስት ሽቦ ይሆናል። ወደ ሌላ ሶኬት ቅርንጫፍ ከተወሰደ ደግሞ ዘጠኝ ይደርሳል።

ሽቦ በጠባብ ሳጥን ሲታጨቅ ሦስት ጉዳት ይከተላል። አንደኛ፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሁለተኛ፣ የሽቦው ልባስ በብረቱ ጠርዝ ይላጣል። ሦስተኛ፣ ሶኬቱ በግድ ሲገፋ ከብሎኑ ሥር ያለው ሽቦ ይላላል። የላላ መገናኛ ይግላል፤ የጋለም ልባስ ይቃጠላል።

ታዲያ ልኩን በምን እናውቃለን? የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ለዚህ ግልጽ ስሌት አለው። እያንዳንዱ ፌዝና ኒውትራል አንድ ተብሎ ይቆጠራል፤ የመሬት ሽቦዎች እስከ አራት ድረስ ተጠቃለው አንድ፣ ሶኬቱ ራሱ ሁለት ይባላል። በቀለበቱ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ነው። በአሜሪካ መለኪያ ከእርሱ ከፍ የሚለው ሽቦ ለአንድ ቁጥር 37 ኩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል ይፈልጋል። እንግዲህ፦

4 + 1 + 2 = 7፤ 7 × 37 = 259 ኩቢክ ሴንቲ ሜትር።
ከቅርንጫፍ ጋር፦ 6 + 1 + 2 = 9፤ 9 × 37 = 333 ኩቢክ ሴንቲ ሜትር።

አሁን ሳጥኗን እንለካ። ነጠላዋ የእንግሊዝ ሳጥን በግምት 7 በ7 ሴንቲ ሜትር ናት። ጥልቀቷ 25 ሚሊ ሜትር ከሆነ 122፣ 35 ከሆነ 171፣ 47 ከሆነ 230 ኩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል ትይዛለች። በአሜሪካው ስሌት አንዷም አትበቃም ማለት ነው!

ይህ ማለት ግን የካምፓላ ቤቶች ሁሉ ደንብ የጣሱ ናቸው ማለት አይደለም። በእንግሊዝ አሠራር ሽቦዎቹ የሚገናኙት በሶኬቱ ብሎኖች ሥር ነው፤ አሜሪካውያን ግን ብዙውን ጊዜ ሽቦዎቹን በሳጥኑ ውስጥ ለብቻ ቆብ አድርገው ስለሚያገናኙ ተጨማሪ ቦታ ይሻሉ። ስሌቱ የሚያስተምረን፣ ቅርንጫፍ ያለበትን ሳጥን ባለ 25 ሚሊ ሜትር ማድረግ ምን ያህል አደገኛ ቁጠባ እንደሆነ ነው። በሳጥን ዋጋ የተቆጠበ ጥቂት ገንዘብ ቤት ሊያስከፍል ይችላል።

ዩጋንዳ በ1999 ባወጣችው የኤሌክትሪክ ሕግ መሠረት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቁሟል፤ ሽቦ የሚዘረጋ ሰውም ከዚያ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ቢሆንም ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ ሳጥኗን የሚያይ የለም። ስለዚህ ቆጠራው ከልስኑ በፊት መቅደም አለበት።

መምህራን ይህን በሒሳብና በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ሊሠሩበት ይችላሉ። ባዶ ሳጥን በማስመሪያ አስለክተው ይዘቷን ያሰሉ። ኃይል ያለበትን ሶኬት ግን ተማሪ እንዳይከፍት ይጠንቀቁ።