ከእንሶስላ እስከ ኮንጎ፦ የሴቶች መጫሚያ በጋይንትና በአካባቢው

በንፋስ መውጫ ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወረዳዎች ሴቶች ጫማን የዘወትር መጫሚያ ያደረጉት በቅርብ ዘመን ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበረው ረጅም ጊዜ የሴት እግር ይታወቅ የነበረው በጌጡ ነው። ባለጸጋዋ እመቤት በበቅሎ ስትሄድ ከቁርጭምጭሚቷ ላይ አልቦ፣ ማለትም ከብር የተሠራ የእግር ጌጥ፣ ታደርጋለች፤ አልቦ የመግዛት አቅም የሌላት ደግሞ እንሶስላ ትሞቃለች። እንሶስላ በእርጥብ ስፍራ የሚበቅል ተክል ሲሆን፣ ሥሩ ተወቅጦ በእጅና በእግር ላይ ከተደረገ በኋላ ተጠቅልሎ ሲቆይ ጥፍርንና ውስጥ እግርን ያቀላል፤ ሴቶቹም ይሞቁት የነበረው ለውበት ብቻ ሳይሆን ቆዳን ያጠነክራል፣ ንቃቃትንም ይከላከላል ብለው ነው። በባዶ እግሯ ገደል ለምትወጣና ለምትወርድ ሴት እንሶስላ ጌጥም መጫሚያም ሆኖ ነበር ቢባል ከእውነት መራቅ አይሆንም።

ቆዳ ግን በአገሩ ሞልቶ ነበር። በየቤቱ ቁርበት ይነጠፋል፣ እህል በስልቻና በአቆማዳ ይጫናል፣ ሞፈርና ቀንበር በጠፍር ይታሰራል፣ ለመንገደኛ ስንቅ የሚቋጠርበት አገልግል እንኳ በቆዳ ይለበጣል። ይህን ሁሉ የሚያዘጋጀው፣ ቆዳ ፍቆና አልፍቶ የሚያድረው ባለሙያ፣ «ፋቂ» እየተባለ የሚናቅና በጋብቻ የሚገለል ስለነበረ፣ ሙያው ከቤትና ከእርሻ ዕቃ አልፎ ወደ ጫማ ሥራ የሚያድግበትን ዕድል አላገኘም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን በዐዋጅ ቢከለክሉም፣ ንቀቱ በዐዋጅ የሚነቀል አልነበረም። በአዲስ አበባ አርመኖች ያቋቋሙት፣ በደርግ ከተወረሰ በኋላ አንበሳ የተባለው ዳርማር የጫማ ፋብሪካም ቢሆን ዋና ደንበኛው የከተማ ሰው ነበር።

ለውጡን ያመጣው መንገድ ነው። በደርግ ዘመን በቻይና ርዳታ የተሠራው የወረታ–ወልድያ መንገድ በንፋስ መውጫ በኩል በማለፉ፣ የከተማዋ ገበያ ከጎንደርና ከወሎ በሚመጣ የፋብሪካ ሸቀጥ ተሞላ፤ ከሸቀጡም መካከል የገጠሯን ሴት አስቀድሞ የደረሰው ኮንጎ ነበር። ኮንጎ ከፕላስቲክ ወጥ ሆኖ የሚሠራ ርካሽ ጫማ ሲሆን፣ ጭቃውን በውሃ ማለቅለቅ ይበቃዋል፤ ሲቀደድም ጠጋኙ ብረት በእሳት አግሎ፣ ከአሮጌ ኮንጎ የተቆረጠ ቁራጭ ደርቦ፣ ሁለቱን አቅልጦ ያጣብቀዋል። ከበጉና ከበሬው የተገፈፈው ቆዳ በጥሬው ለነጋዴ ተሸጦ ወደ ውጭ አገር ሲሄድ፣ ባለቤቲቱ በአንጻሩ ከፔትሮሊየም የተሠራ ጫማ ገዝታ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር።

ገንዘብ አጥሯት ጫማ የምትገዛ ሴት ምርጫዋን የምትመዝነው በአገልግሎቱ ነው። የመጀመሪያው ጫማ ለገበያና ለለቅሶ እንጂ ለእርሻ አይውልም ነበር፤ ብዙዎቹ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ተሸክመውት ከተማው ጥግ ሲደርሱ ከወንዝ ወርደው እግራቸውን ታጥበው ይጫሙት ነበር፤ እንዲህ ያለው ቁጠባ በብዙ የደጋ አገር የታወቀ ነው። ቤተ ክርስቲያን በጫማ ስለማይገባ በቀላሉ የሚወልቀው ተመራጭ ነው፤ ጥቁሩም ለሐዘንም ለበዓልም ስለሚሆን ከባለቀለሙ ይልቅ ይገዛል። ከዚያ በኋላ ለቤት ነጠላ ጫማ፣ ለመንገድ ሸራ፣ አቅም ሲገኝ ደግሞ ከሰልባጅ፣ ማለትም ከውጭ ከሚመጣ ያገለገለ ዕቃ፣ የተመረጠ የቆዳ ጫማ ይጨመራል። ተረከዙ ከፍ ያለው በአብዛኛው የሚገባው በሠርግ ጊዜ፣ ሙሽራው ከሚያመጣው ጥሎሽ ጋር ነው።

በ1990ዎቹ የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቅ በመርካቶ ሸራ ተራ የሚሠሩ አነስተኛ ጫማ ሰፊዎች ክፉኛ ተጎድተው ነበር፤ ሆኖም ቅርጽና ጥራት እያሻሻሉ ገበያቸውን መልሰው ያዙ። መንግሥት በበኩሉ በ2000 ዓ.ም. በጥሬ ቆዳ ኤክስፖርት ላይ እስከ 150 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። የታሰበው ቆዳው በአገር ውስጥ እንዲለፋና እሴት እንዲጨምር ነበር።

የባዶ እግር ጉዳት ከእሾህና ከብርድ ያለፈ ነበር። ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ እግርን እንደ ዝሆኔ የሚያሳብጥ ነገር ግን ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ በሽታ፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ መሆኑን እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባካሄዱት ጥናት አሳይተዋል፤ በአገሪቱ ያሉት ሕሙማንም 1.5 ሚሊዮን ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። መከላከያው ከልጅነት ጀምሮ መጫማትና እግርን መታጠብ ነው። ስለዚህ የአካባቢው ሴቶች የጫማ ታሪክ ሲመዘን፣ የውበት ደረጃ የማይሰጠው ኮንጎ ከፋብሪካ ቆዳ ጫማ ሁሉ የበለጠ አገልግሎት ሰጥቷል።